ማሲንቆውና ማተቡ፦ የባሕር ዳር ተመልካች አንድ የቆየ ሙዚቃዊ ተውኔትን እንዴት ተቀበለው?

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ትርዒት ነው። ይበልጡን ግን ትርዒቱን ለማየት ስለመጣው ሰው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድ አነስተኛ የወጣቶች የቴአትር ክበብ «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» (ጣሪያ ላይ ያለው ቫዮሊን ተጫዋች) የተባለውን ዝነኛ ሙዚቃዊ ተውኔት አሳጥሮ በአማርኛ አቀረበ። መጀመሪያ በጥር መጨረሻ፣ ከዚያም ጥቂት ነገር ቀያይሮ በሳምንቱ። በሁለቱ ትርዒቶች ላይ ተመልካቹ ያሳየው ነገር በጣም ተለያየ። የተቀየሩት ነገሮች ግን ትንንሽ ናቸው። በዝርዝር ልጽፈው የፈለግኩትም ለዚህ ነው።

ክበቡ የሰዉን ስሜት እንድከታተልና ከትርዒቱ በኋላ ያለውን ውይይት እንድመራ ጠይቆኝ ነበር። ስለዚህ የተቀመጥኩት ፊቴን ወደ ተመልካቹ አዙሬ ነው።

ተውኔቱን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1905፣ በዛሩ ሩሲያ ግዛት ውስጥ፣ አናቴቭካ በምትባል የአይሁዶች መንደር ነው። ቴቭዬ ወተት እየዞረ የሚሸጥ ድኻ ነው። ሚስቱ ጎልዴ ትባላለች። አምስት ሴቶች ልጆች አሏቸው። በመንደሩ ወግ ባል የሚመርጠው አባት ነው፤ አገናኟም የንቴ የምትባል አሮጊት ናት። ትልቋ ልጅ ግን አባቷ እሺ ያለላትን ሀብታም ባለ ልኳንዳ ትታ ድኻ ልብስ ሰፊ ታገባለች። ሁለተኛዋ አብዮተኛ ተማሪ ወድዳ ወደ ሳይቤሪያ ትከተለዋለች። ሦስተኛዋ ኻቫ ከሃይማኖቷ ውጭ የሆነ ሩሲያዊ ወጣት ታገባለች። በመጨረሻ መንደሩ በሙሉ በሦስት ቀን ውስጥ ለቅቆ እንዲወጣ ይታዘዛል።

ድርሰቱ የጆሴፍ ስታይን፣ ሙዚቃው የጄሪ ቦክ፣ ግጥሙ የሼልደን ሃርኒክ ነው። መነሻው ሾለም አሌይኸም በይዲሽ ቋንቋ የጻፋቸው የቴቭዬ ታሪኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በጀሮም ሮቢንስ አዘጋጅነት ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮድዌይ ላይ ተከፍቶ 3,242 ጊዜ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሯል።

ይህን ተውኔት ለሕዝብ ለማሳየት የመብቱ ባለቤቶች ፈቃድ ያስፈልጋል። ክበቡ ገና ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ትኬት አልሸጠም፣ ማስታወቂያም አልለጠፈም፤ ያቀረበውም ለተጋበዘ ሰው እንደሚታይ ልምምድ ነው። የተዋንያኑ ወላጆች፣ ጎረቤቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የእድር ሽማግሌዎችና የማኅበር እናቶች ተጠሩ። ሰው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ ሲባልም ትርዒቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጀመረ።

አዘጋጁ አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነበር። ቴቭዬን ጎጃሜ ገበሬ አላደረገውም። መንደሩም ስሞቹም እምነቱም እንደነበሩ ቀሩ። ይህን ውሳኔ ወድጄዋለሁ፤ በኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ ያመጣው እሱ ነው። የተቀየረው የሙዚቃ መሣሪያው ብቻ ነው። በቅርብ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው አልተገኘም። ባለማሲንቆ ግን ሞልቷል። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በምልክት አልተከፋፈለም። ስለዚህ በእኛ ቅኝቶች ውስጥ የሌሉትን ድምፆች በጆሮ እየፈለጉ ማውጣት ይቻላል። ልጁ ብዙ ደክሞበት አወጣቸው፤ የቀረውን ኪቦርዱ ያዘው። ቴአትርን ከዜማ ማዋሃድ ደግሞ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውንና ዜማውን ይዞ ነው ወደ ቴአትር የገባው።

የመጀመሪያው ግርግር የመጣው ከዚሁ ከማሲንቆው ነው።

ተውኔቱ የሚከፈተው ጣሪያ ላይ በቆመ ሙዚቀኛ ነው። ክበቡ የሠራው ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ጋቢ የደረበ ባለማሲንቆ ከቆርቆሮው ላይ ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የፌዝ ሳቅ አልነበረም። ሰው የሚያውቀውን ሰው ባልጠበቀው ቦታ ሲያገኘው እንደሚስቀው ያለ ነው። ከዚያ ቴቭዬ መጣ። ፈረሱ አንክሶበት ጋሪውን ራሱ እየጎተተ ነው። ቆም ብሎ ወደ ላይ አንጋጠጠና ስለ ድህነቱ ከፈጣሪው ጋር መሟገት ጀመረ። «ምነው ጌታዬ» እያሉ ከእግዜር ጋር መካሰስ እዚህም በየቤቱ ያለ ነው። ሰዉ ፀጥ ብሎ ያዳምጠዋል። ማሲንቆው በዝግታ ገባ። ይሄኔ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ጎልማሳ ብድግ አሉና «ተቀበል!» አሉ።

«ፈረሱ ባያነክስ፣ ጋሪው ባይሰበር፣
አምስት ሴት ልጅ ይዞ ምን ያስጨንቅ ነበር!»

ባለማሲንቆው ሰርግ ቤት እየተጫወተ ያደገ ልጅ ነው። ለአፍታም አላመነታም። ስንኙን ተቀብሎ በዜማ መለሰው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሌላ ሰው ሌላ ስንኝ ወረወረ፤ እሱንም ተቀበለ። አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነስተው መድረኩ ላይ ወጡና 100 ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ቴቭዬ የጋሪውን እጀታ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ የዘፈኑን መግቢያ ደጋግማ ሰጠችው፤ በጭብጨባው መሀል ሊሰማት አልቻለም።

በእረፍት ሰዓት አዘጋጁ በጣም ተናዶ ነበር። «ተውኔቱን ቀሙን እኮ!» አለኝ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ለወራት የለፋበት ነው። እኔ ግን ሰዉ ተውኔቱን ቀማ ብዬ አላምንም። አዝማሪ ሲያይህ ዝም ማለት የለም። ልጁ ጣሪያው ላይ ሆኖ በልማዱ ዓይኑን በተመልካቹ ላይ ያንከራትት ነበር። ለባሕር ዳር ሰው ይህ ግብዣ ነው፤ «በሉ ስጡኝ» ማለት ነው። ሰዉ የተጠየቀውን ሰጠ። ስንኟም የዘፈቀደ አይደለችም። ጎልማሳው የቴቭዬን ችግር በሁለት መስመር ጠቅልለውታል፤ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ቀልዱ በበዛባቸው ትዕይንቶች ላይ ብዙ አልቆይም፤ እንደተጠበቀው ሠርተዋል። ቴቭዬ ሚስቱን ለማሳመን የባለ ልኳንዳውን የሞተች ሚስት በሕልሜ አየሁ ብሎ ሲዋሽና ሙቷ ከመቃብር ስትነሳ፣ እናቶች እየሳቁ አማተቡ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። ቴቭዬና ጎልዴ ከ25 ዓመት ትዳር በኋላ «ትወጂኛለሽ ወይ?» እየተባባሉ ሲዘፍኑም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ የተያዩት በሰርጋቸው ቀን ነው። በአዳራሹ ውስጥም እንደዚያ የተጋቡ ሰዎች ነበሩ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉ አየሁ። ባልየው አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ።

ሰርጉ ግን ሌላ ነገር ነው። የትልቋ ልጅ ሰርግ ላይ ወላጆቿ ይቺ ልጅ መቼ አደገች እያሉ የሚዘፍኑት ዘፈን አለ። ዜማው ቀስ ያለና የሚያባባ ነው። ቀስ በቀስ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው የሚወስዱ እናቶች በዙ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዷ እልል አለች፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት። ጭብጨባው የሰርግ ቤት ጭብጨባ ሆነ። በዚህ ቅጽበት የባዕድ አገር ታሪክ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሰርገኛ ነው። ከዚያ የሩሲያው ሹም ሰዎች ገብተው ድግሱን መበታተን ጀመሩ።

እዚህ ላይ አዘጋጁ የሠራው ሥራ ትክክል አልነበረም። ዩኒፎርም የለበሱትን ተዋንያን በተመልካቹ ጀርባ፣ በዋናው በር አስገባቸው። በሩ በኃይል ተበረገደ። ሰዉ ደነገጠ፤ የቴአትር ድንጋጤ ግን አልነበረም። አንዳንዱ ልጁን አቅፎ ተነሳ። ጥቂቶች መድረክ ላይ የሚሆነውን ሳያዩ ወደ ጎን በር አመሩ። ይህ ሕዝብ በዚህ ዘመን ምን ፈርቶ እንደሚኖር እናውቃለን። የፈራን ሰው በፍርሃቱ መጠቀም ጥበብ አይመስለኝም። ይህንን ለአዘጋጁ ፊት ለፊት ነገርኩት፤ እሱም በሁለተኛው ትርዒት ሰዎቹን ከመድረኩ ጎን አስገባቸው። ያኔ ሰዉ ሸሽቶ ሳይሆን ተቀምጦ አየው። የተሰበረውን ማሰሮ፣ የፈሰሰውን መጠጥ፣ ዝም ብሎ የቆመውን ሙሽራ አየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቴቭዬ ሁለቱ ልጆቹ ከወግ ሲወጡ ከራሱ ጋር እየተሟገተ እሺ ብሏል። በአንድ በኩል እንዲህ ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንዲያ ነው ይላል፤ በመጨረሻም ልቡ ይራራል። ኻቫ ጋ ሲደርስ ግን «በሌላ በኩል» የሚለው ያልቅበታል። እግሩ ሥር ወድቃ ስትለምነው እንቢ ብሎ ጥሏት ይሄዳል። በመጀመሪያው ትርዒት፣ ልክ እሱ ጀርባውን ሲሰጣት፣ ከፊት ረድፍ ጭብጨባ ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጭብጨባው ወደ ኋላ ተስፋፋ፣ ብዙ ሰውም ተቀላቀለ። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ተማሪዎች ግን አላጨበጨቡም። መድረክ ላይ የወደቀችው ተዋናይት ጭብጨባው እስኪያልቅ መሬት ላይ ቆየች። እንዲህ ያለ ነገር ልምምድ ላይ ማንም አልገመተም።

በውይይቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ለምን እንዳጨበጨቡ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ግልጽ ነበር፦ ሃይማኖት አይሸጥም፤ አባትየው በልጁ ፍቅር ሳይሸነፍ እምነቱን ጠብቋል፤ ጀግና ነው። ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ሰው «ይህን የጻፈው ሰው ጎጃሜ ነው እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቀ።

ይህ አባባል በዓለም ሁሉ የተባለ ነው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ቶኪዮ ላይ ሲዘጋጅ፣ ጃፓናዊው ፕሮዲውሰር አሜሪካኖች ይህ ነገር ይገባቸዋል ወይ ብሎ እንደጠየቀው ደራሲው ጆሴፍ ስታይን ይናገር ነበር። ለጃፓናዊው ታሪኩ የጃፓን ታሪክ ነው። ስለዚህ «የእኛው ነው» ማለት ጥሩ ነው፤ ቀላልም ነው። ቴቭዬ ውስጥ ራሱን የማያይ አባት የለም።

ይሄኔ ከኋላ ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ ልጁስ? ያገባት ልጅ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ወደ አዘጋጁ ዞሩ። አዘጋጁም የሩሲያ ኦርቶዶክስ እንደሆነ፣ ያጋባቸውም ቄስ እንደሆነ ነገራቸው። ይህ በተውኔቱ ውስጥ ተነግሯል። እናትየው ልጇን ስትፈልግ ቄሱ ጋ ሄዳ ነው መጋባታቸውን የሰማችው። ግን በአንድ መስመር የሚያልፍ ነገር ስለሆነ ሰዉ አልያዘውም። ተመልካቹ ልጁን «ሌላ ሃይማኖት» ብሎ አልፎታል፤ ያንን ሌላ ሃይማኖት ደግሞ የራሱ ያልሆነ ነገር አድርጎ ሥሎታል።

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ አሰቡና «እንግዲያ ያጨበጨብኩት በራሴ ልጅ ላይ ነው በለኛ» አሉ። የተናገሩት ከልባቸው ነበር። ውይይቱ በዚሁ ቆመ፤ ብዙ ሰው ግን ወደ ቤቱ ስለተጣደፈ ይህን ሳይሰማ ሄዷል።

በሳምንቱ ውስጥ ክበቡ ብዙ ተከራከረ። አንዳንዱ ማብራሪያ ይጨመር አለ። ሌላው ቄስ መድረክ ላይ ይውጣ አለ። ሁለቱም ድርሰቱን መንካት ነው። መፍትሔውን ያመጣችው አልባሳት የምታዘጋጀው ልጅ ናት። ኻቫን ያገባው ሩሲያዊ ወጣት፣ ፍዬድካ፣ ማተብ ይሰር አለች። በእርግጥም ሩሲያዊ ክርስቲያን አንገቱ ላይ መስቀል ያስራል፤ ስለዚህ ከእውነቱ የወጣ ነገር የለውም። በጥቁር ክር የተንጠለጠለች ትንሽ የእንጨት መስቀል ተገኘች። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ እንዲከፈት ተደረገ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትርዒት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍዬድካ መጀመሪያ ሲገባ የፊት ረድፎች ማተቡን አዩት። አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው አንገታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ትዕይንቶች ሁሉ ተቀየሩ። ሰርጉን የበተኑት ሰዎችም መስቀል ያሰሩ ጎረቤቶች ሆኑ። ቴቭዬ ኻቫን ጥሏት ሲሄድ አንድም እጅ አላጨበጨበም። ከወንዶቹ በኩል «ኧረ ተው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሴቶቹ በኩል ደግሞ «ምን ያድርግ?» የሚል መልስ መጣ። ሰዎች መድረኩን ትተው እርስ በርስ በሹክሹክታ መከራከር ጀመሩ። ለእኔ የሁለቱም ትርዒቶች ትልቁ ቅጽበት ይህ ነው። መጀመሪያ ሰዉ ራሱን በቴቭዬ ውስጥ ብቻ ነበር ያየው። አሁን ደግሞ ቴቭዬ በሚፈራቸው ጎረቤቶች ውስጥም አየው።

መጨረሻ ላይ ኻቫና ባሏ ሊሰናበቱ ሲመጡ ቴቭዬ አያናግራቸውም። ሆኖም በትልቋ ልጁ በኩል፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን የሚል ቃል ያቀብላታል። «እሰይ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። የመጀመሪያው ቀን ይህ አልነበረም።

የመንደሩ ሰዎች ዕቃቸውን አስረው ሲወጡ ግን ሁለቱም ቀን አዳራሹ ዝም አለ። ከተጋበዙት መካከል ከቀያቸው ተፈናቅለው ባሕር ዳር የገቡ ቤተሰቦች ነበሩ። ስለ እነሱ ስሜት ከሩቅ ሆኜ መተንተን አልፈልግም። አንዲት ሴት ወጥታ ደጅ ተቀመጠች፤ ከተዋንያኑ አንዷ ከጎኗ ሄዳ ተቀመጠች።

በሁለተኛው ቀን ውይይት ላይ በመጨረሻ የተናገሩት ደምቢያ ያደጉ አንዲት አዛውንት ናቸው። «እማማ፣ እርስዎስ?» ስላቸው ስለ ተውኔቱ ምንም አላሉም። ስለ ጎረቤቶቻቸው ተናገሩ። በልጅነታቸው ሰፈራቸው አጠገብ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ናቸው። «ቀን ማሰሮና ማረሻ እንገዛቸዋለን፣ ማታ ቡዳ እንላቸዋለን» አሉ። አንድ ቀን ከብታቸውን ሸጠው ሄዱ። ከልጆቻቸው አንዷ ከእሳቸው ጋር ውኃ ትቀዳ ነበር። ሲሄዱ ማንም ወጥቶ አልሸኛቸውም። እሳቸውም አልወጡም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤላውያን እንደ አናቴቭካ ሰዎች በአዋጅ አልተባረሩም። ወደ ኢየሩሳሌም የመሄድ የዘመናት ናፍቆት ነበራቸው፤ በዚያ ላይ ጦርነትና ረሃብ ነበር። ብዙዎቹ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በእግር ወደ ሱዳን ተሰደው መንገድ ላይ ብዙ ሰው ሞቶባቸዋል። ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። አዛውንቷ ይህን ሁሉ ቁጥር አላነሱም። ያነሱት የውኃ ጓደኛቸውን ነው። ከቴቭዬ ወደዚህ ያደረሳቸው ደግሞ ያቺ አንገት ላይ ያለች ክር እንደሆነች እርግጠኛ ነኝ፤ ሲናገሩ የራሳቸውን ማተብ ይዘው ነበር።

ማሲንቆውስ? በሁለተኛው ትርዒት ባለማሲንቆው ዓይኑን ከቴቭዬ ላይ እንዳያነሳ ተነገረው። ወደ ሰዉ አላየም፤ ሰዉም «ተቀበል» አላለም። በምትኩ ሰርጉ ላይ ከጣሪያው ወርዶ ወደ ሰዉ ዞረ። ያኔ ስንኙም መጣ፣ ብሩም ተለጠፈ፤ ተዋንያኑም ተዘጋጅተው ስለነበር ማንም ቦታው አልጠፋበትም። ይህ ጥሩ መላ ነው። ግን የመክፈቻው ሳቅ በግማሽ ቀነሰ። ባለማሲንቆው አሁንም ደስ አላለውም። አዝማሪን ሰው አትይ ማለት እጁን ማሰር ነው ይላል። አዘጋጁ በበኩሉ የቴቭዬ ጸሎት ሊቋረጥ አይገባም ባይ ነው። እኔ ከባለማሲንቆው ጋር ነኝ። ትርዒቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ሰዉ ገና ቦታ እየያዘ ሳለ፣ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ስንኝ ይቀበል፤ የጠገበ ሰው በኋላ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ክበቡ አሁን ለመብቱ ባለቤቶች የፈቃድ ጥያቄ እያዘጋጀ ነው። ፈቃዱ ከመጣ ቀጣዩ ትርዒት ጎንደር እንዲሆን ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ቀድሞ የቤተ እስራኤሎች መንደር የነበረችው ወለቃ ከከተማዋ ወጣ ስትል ናት። ውይይቱም ሰው ወደ ቤቱ ሲጣደፍ የሚደረግ ሳይሆን በቂ ሰዓት የተሰጠው እንዲሆን ጠይቄአለሁ፤ ትርዒቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢጀመር ይቻላል። አልባሳት የምታዘጋጀው ልጅ መስቀሏን በፖስታ አድርጋ አስቀምጣታለች።